በሬ ሆኜ የተሸጥኩ ዕለት

እኛ ልጆች በነበርንበት ዘመን፣ ስሙኝማ፣ መጫወቻ የሚገዛ አባት ጨፋ ላይ አልተፈጠረም ነበር። የሚሸጥም አልነበረ፣ እና ማን ከማን ይግዛ? ቦርከና ግን ነበረ። ክረምቱ ወጣ ሲል ወንዙ ዳር ዳሩን የሚተወው ጭቃ አለ አይደል፣ እሱን እየቆረስን በሬ እንሠራለን፣ ላም እንሠራለን፣ ጥጃ እንሠራለን፣ ቀንዱን በእሾህ፣ ዓይኑን በማሽላ ፍሬ። ታዲያ የኔ በሬ ሁልጊዜ አንድ እግሩ ያጥራል፣ ቆሞ አያውቅም፣ ባቆምኩት ቁጥር ዘጭ። «ሰይዶ፣ በሬህ ሞተ!» ይሉኛል። «አልሞተም፣ ተኝቶ እያመነዠከ ነው!» እላለሁ። «ታዲያ እንዲህ የሚተኛ በሬ ማን ይገዛሃል?» «አንተ ትገዛኛለሃ! እያረፈ የሚያርስ በሬ ነው፣ አይደክምም!» እና ወላሂ እሸጠው ነበር! ቆሞ የማያውቅ በሬ ሸጬ የሚቆም ጥጃ ይዤ ቤቴ እገባ ነበር። ኋላ ከሚሴ ገበያ ስንት ዘመን የከብት ደላላ ሆኜ ስኖር፣ ባቲም ስወርድ፣ ጨፋ ሮቢትም ስውል፣ ሰዉ «ይሄን ምላስ ከየት አመጣኸው?» ይለኝ ነበር። ከዚያ ጭቃ ነው ያመጣሁት፣ ሌላ አስተማሪ አላውቅም።

ሰሚራ፣ ስልክሽ እየቀዳ ነው? እስቲ አስጠጊው፣ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም። ይህች ሰሚራ የእህቴ የልጅ ልጅ ናት፣ መምህርነት ትማራለች፣ እና «አባባ፣ ስለ ልጆች ጨዋታ የሚያውቁትን ያጫውቱን» ብላ እናንተን ጓደኞቿን ሰብስባ መጣችብኝ። እኔ የማውቀው ከብት ነው ልጆቼ። ስለ ልጅ የማውቀው አንድ ነገር አለ፣ እሱም ቢሆን ከከብት አልራቀም።

ልጄን ሙሐመድን ታውቁታላችሁ፣ እዚሁ ከሚሴ ቆርቆሮና ሚስማር፣ አሸዋና ስሚንቶ የሚነግደውን። ደህና ልጅ ነው፣ አላህ ይጠብቀው፣ ግን ችኩል ነው፣ ማንጎ ተክሎ በማግስቱ ፍሬ የሚጠብቅ ሰው ነው። እሱ ራሱ ትምህርቱን መንገድ ላይ ጥሎ ነው ንግድ የገባ፣ እና ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። ታዲያ ሐያትን ወለደ። ማሻአላህ በሉ እንጂ! አዎ፣ እንዲያ። ልጅቱ ገና ጡት ሳትተው ግድግዳውን በሙሉ በገበታ ለበጠው፣ የአማርኛው ፊደል አለ፣ የኦሮምኛው ቁቤ አለ፣ የእንግሊዝኛው አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ ቤቱ ቀለም አላስፈለገውም። ከሱቅ ሲገባ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ጣቱን ይቀስራል። «ይቺ ማን ናት?» «ሀ» ትላለች። «ይቺስ?» «ሁ።» «ጎበዝ! ከሰባት ቀጥሎ ማን ይመጣል?» አፏ ውስጥ ጉርሻ አለ እኮ! ጉርሻውን በጉንጯ ይዛ «ስምንት» ትላለች።

እና አፈር መንካት የለ፣ ውሃ መራጨት የለ፣ ጎረቤት መውጣት የለ። እናቷ ሰዓዳ «ኧረ ከልጆቹ ጋር ትጫወት፣ ልጅ አይደለች?» ስትለው፣ «ጨዋታ የትም ይደረስበታል፣ ትምህርት ነው የማይደረስበት» ይላታል። ሰዓዳ ታዲያ ወደኔ ዞር ትላለች፣ እኔም «ሙሐመድ፣ ልጅቱን ተዋት» እላለሁ፣ እሱም «እሺ አባ» ይላል። እሺ ይላል እንጂ አይተዋትም።

ታዲያ አራት ዓመቷን አለፈችና ኬጂ ገባች። ገባችና ዝም አለች። ምን ዓይነት ዝም ማለት መሰላችሁ! ቤት ትናገራለች፣ ቀስ ብላም ቢሆን፣ የኬጂውን በር ስታልፍ ግን አበቃ። ስሟን ይጠሯታል፣ ዝም። «ውሃ ላምጣልሽ?» ዝም። ሽንቷ ቢመጣ እንኳ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ልብሷ ላይ ይሄዳል እንጂ አትናገርም። ቦርሳዋን አቅፋ ጥግ ይዛ ትውላለች፣ ሌሎቹ ይሯሯጣሉ፣ እሷ ታያለች። ያ ሁሉ ፊደል፣ ያ ሁሉ ቁጥር ሆዷ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ።

አረፋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሙሐመድ ተቆጥቶ ገባ። «ያቺ ኬጂ ማጫወቻ ናት እንጂ ትምህርት ቤት አይደለችም! ዛሬ ሄጄ ሳይ ልጆቹ ምን ያደርጋሉ? ጣሳ ይደረድራሉ! ጣሳ! ለጣሳ ነው እንዴ ልጄን የምልከው? በቃ፣ ደሴ እህቴ ዘንድ ትሂድ። እዚያ ጠንካራ ትምህርት ቤት አለ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ደብተር ነው፣ ጨዋታ የሚባል አያውቁም። አረፋን ከኛ ጋር ትዋልና በማግስቱ አደርሳታለሁ» አለ። ሰዓዳ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ፣ መሀረቧ ሲጨመቅ ውሃ ይወጣው ነበር። እኔስ? እኔማ ምን ልበላችሁ። ልጅቱ ጠዋት ጠዋት ከሱብሒ በኋላ መጥታ ጭኔ ላይ የምትቀመጥ፣ ጺሜን የምትቆጥር ልጅ ናት። ነገር ግን አባቷ እሱ ነው፣ አያት ምን ያደርጋል? እሷ ደግሞ ይሄ ሁሉ ሲወራ እዚያው እግሬ ሥር ተቀምጣለች። እኛ ትልልቆቹ ልጅ ጆሮ ያለው አይመስለንም እኮ፣ አጠገቡ ሆነን እንደ ልባችን እናወራለን።

በማግስቱ የኬጂዋ መምህርት አስጠራችኝ። ትዕግስት ትባላለች፣ አባቷ ድሮ ለመንግሥት ሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነው፣ ወጣት ናት፣ ሳቂታ። «አባባ፣ አንድ ቀን ከሐያት ጋር ይዋሉልኝ፣ የምታምነው ሰው አጠገቧ ካለ ምናልባት ትፍታታ ይሆናል» አለችኝ። እሺ አልኩና ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ እጇን ይዤ ሄድኩ። ገና በሩ ላይ አንዷ ሞግዚት ጎንበስ ብላ «አንቺ ቆንጆ፣ ማን ትባያለሽ?» አለቻት። እኔ ፈጥኜ «ሐያት ትባላለች! የሙሐመድ ልጅ፣ የኔ የልጅ ልጅ!» አልኩ። ትዕግስት ሳቀችብኝ። «አባባ፣ የተጠየቀችው እኮ እሷ ናት።» ምን ላድርግ ታዲያ? የሻጭም የገዢም አፍ ሆኜ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ዝም ያለ ሰው ሳይ ምላሴን ይበላኛል።

እኔም መጠየቄ አልቀረም። «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አልኳት፣ «ይሄ ጨዋታችሁ ትምህርት ነው ወይስ ልጆቹን ማዋያ ነው?» አልተቆጣችም። «አባባ፣ ያንን ልጅ ይዩት፣ ጣሳ የሚደረድረውን። ወደቀበት። አሁን ምን ያደርጋል?» አለችኝ። አየሁት፣ ልጁ ተናደደ፣ አንዱን ጣሳ በእርግጫ አለው፣ ቆየና መልሶ አነሳውና ትልቁን ከታች አደረገ። «አዩት» አለች፣ «ማንም አልነገረውም፣ ትልቁ ከታች ይሁን ብሎ። ነግሬው ቢሆን ነገ ይረሳዋል። እነዚያ ሁለቱ ደግሞ በአንድ ማንኪያ ተጣልተዋል፣ ይዩዋቸው፣ አሁን ተራ ይገባሉ። ተራ መጠበቅ፣ መለመን፣ እምቢ ማለት፣ ይሄ ሁሉ በጨዋታ ነው የሚለመደው። ፊደልማ ይደርሳል። ሐያትን ፊደል አላነሳትም አባባ፣ ያነሳት የምትናገርበት ጉዳይ ነው።» እኔም ይህቺ ልጅ ወይ ታውቃለች፣ ወይ እንደኔ ምላስ አላት አልኩ በልቤ።

ታዲያ ልጆቹ ገበያ ገበያ ይጫወታሉ። ሰሚራ፣ ያንን ገበያ ብታዪው! ሁሉም ሻጭ ነው! አንዱ በቆሎ ቆረቆንዳ ደርድሮ «ሙዝ! ሙዝ!» ይላል፣ አንዷ ቅጠል ይዛ «ሽንኩርት! ኮቱ! ኑ ግዙ!» እያለች ትጣራለች፣ የሚገዛ አንድ ነፍስ የለም። እኔ እንዲህ ያለ ገበያ ሳይ ደሜ ይፈላል። «ኧረ ገዢ የታለ?» አልኩ ሳላስበው። አንድ ወፍራም ልጅ ዞር አለ፣ ከድር ይባላል፣ አባቱ ሉካንዳ ቤት አለው። ገበያውን አየ፣ እኔን አየ፣ እና «ከብት የለም እኮ! ከብት የሌለው ምን ገበያ ነው? አንተ በሬ ነህ» አለኝ። «እኔ?» «አዎ፣ አንተ። ተንበርከክ!» አንቱ የለ፣ አባባ የለ! ወደ ትዕግስት ዞርኩ፣ ታድነኛለች ብዬ። እሷ እቴ! አፏን በእጇ ይዛ «አባባ፣ በሬ አይናገርም» አለችኝ።

ተንበረከኩ። ጉልበቴ ቋ አለ። ፎጣዬን ከትከሻዬ መንጭቀው አንገቴ ላይ አሰሩት። በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል እሰማ ነበር፣ ያን ቀን ገባኝ። ከድር «አፍህን ክፈት!» አለ፣ ከፈትኩ፣ ጣቱን አግብቶ ዞረ። «ኧ! ጥርስ የለውም! ሽማግሌ በሬ ነው!» አንዷ ሻሽ ያሰረች ደግሞ ጺሜን ጎተተችው። «በሬ ጺም አለው እንዴ? ፍየል ነው ይሄ!» «ፍየል አይደለም፣ በሬ ነው!» «ፍየል ነው!» እኔ ልክ ልካቸውን ልነግራቸው አፌ ድረስ መጣ፣ ግን በሬ አይናገርም ተብሏል፣ ዋጥኩት። ከድር ታዲያ ሻኛዬን ፈልጎ ጀርባዬን ዳበሰ፣ እንደ አባቱ ራሱን ነቀነቀና «አያርስም ይሄ። ለአረፋ ይታረዳል» አለ። አለና መዳፉን እንደ ቢላ አድርጎ ወደ አንገቴ መጣ። እኔ ምን አማራጭ አለኝ? ወደ ሐያት ዞሬ «እምቧ!» አልኩ።

ሐያት ጥጓን ይዛ ቆማለች፣ ቦርሳዋን አቅፋ። አየችኝ። የከድርን እጅ አየች። ሁለተኛ «እምቧ» አልኩ፣ የመጀመሪያውን ለጨዋታ ነበር ያልኩት፣ ሁለተኛዋ ግን ከሆዴ ነው የወጣችው፣ ወላሂ። ታዲያ ቦርሳዋ ዱብ አለ።

«ሂንጉርጉረሙ!»

ያ ሙዝ ሻጭ እንኳ ቆረቆንዳውን ጣለ። በኦሮምኛ ጀምራ ወደ አማርኛው ተሻገረች። «አይሸጥም! የኔ በሬ ነው! አይታረድም!» ያንን የሚያህል ድምፅ የት ደብቃው እንደኖረች አላህ ይወቀው! ከድር ሊያፈገፍግ ነው? የሉካንዳ ልጅ እኮ ነው። «ሽማግሌ ነው እኮ» አላት። «ቢሆንስ! ቀስ ብሎ ያርሳላ!» አለችው። ፎጣውን ከእጁ ነጠቀችና አንገቴን አቅፋ ቆመች። ትዕግስት ጣሳ እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች። እኔ ደግሞ በአራት እግሬ ቆሜ እንባዬ ይወርዳል፣ ጺሜ ረጠበ። ያቺ ሻሽ ያሰረችው ጎንበስ ብላ አየችኝና «በሬ ያለቅሳል እንዴ?» አለች። ሐያት መለሰችላት። «አያለቅስም። ዝንብ ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት ነው።»

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ሙሐመድ በሩ ላይ የደረሰ። ሐያት ደሴ እንደምትሄድ ለመምህርቷ ሊነግራት ነበር የመጣ። ምን አየ? አባቱን አየ! ከሚሴ ገበያ ሙሉ የሚያውቀኝን፣ ሽማግሌ ተብዬ ሰው የማስታርቀውን እኔን፣ መሬት ላይ፣ ፎጣ አንገቴ ላይ። «ያ አላህ! አባ! ምን ሆነው ነው?» አለ። እኔም «እምቧ» አልኩት። ምን ልበለው?

ሐያት ገና አልበረደችም። ዞራ አየችው፣ አባቷን እንዳየች ሳይሆን ገበያ ላይ እንደመጣ ሰው አየችው። «ገዢ ነህ?» አለችው። ሙሐመድ ልጁ በዚያ ቤት ስትናገር ሰምቶ አያውቅም እኮ! ትዕግስት በዓይኗ መልስላት፣ መልስላት አለችው። «አዎ» አለ፣ «ገዢ ነኝ።» «የት ነው የምትወስደው?» «ወደ ቤቴ።» «ቤትህ የት ነው?» «እዚሁ ነው፣ ከሚሴ።» አሰብ አደረገች። ፎጣውን በእጇ ጠቅለል አደረገችና፣ «ደሴ አትወስደውም?»

ሙሐመድ ወደኔ ዞረ፣ እኔ ግን በሬ ነኝ።

«ደሴ ይበርዳል» አለችው። «እዚያ ማንንም አያውቅም። ማታ ሲያለቅስ ማን ይሰማዋል? ይሄ በሬ ደሴ አይሄድም። እዚሁ ነው የሚያርሰው።»

አጃኢብ ነው ልጆቼ! እግሬ ሥር ተቀምጣ የሰማችውን ሁሉ ይዛው ኖራለች። ቤት አልተናገረችውም፣ ለእናቷ አልነገረችም፣ ለኔ አልነገረችኝም። «አባ፣ ደሴ አልሄድም» የምትልበት አፍ አልነበራትም። ስለ በሬው ሲሆን ግን አፍ አገኘች። ሙሐመድ ያ ችኩሉ፣ ፊቷ ተንበረከከ። አሁን በሬው ሁለት ሆንን። «እሺ» አላት፣ «ቶሌ። ደሴ አይሄድም።» «እጅህን ስጠኛ!» አለችው።

እናንተ የአሁን ልጆች አታውቁት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ በእኛ የከብት ገበያ ዋጋ ከተቆረጠ ሻጭና ገዢ እጅ ይማታሉ፣ ደላላው በላዩ «አላህ በረካ ያድርገው» ይላል፣ የቆመ ሁሉ «አሚን» ይላል፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ «ሐሳቤን ለወጥኩ» የሚል ሰው ገበያ ላይ ፊቱን አያሳይም። ሐያት ይሄን ሰዉ ደጄ መጥቶ ሲስማማ አጠገቤ ተቀምጣ ስንት ጊዜ አይታዋለች። ታዲያ ሙሐመድ ኪሱን ቢዳብስ ግማሽ ብስኩት ተገኘ፣ ገምጦ የተወው፣ እሱን ዋጋ አድርጎ ሰጣት። እኔ እጃቸውን ላማታ ተነሳሁ፣ ሥራዬ ነዋ! «በሬ አይነሳም!» ብለው ጮኹብኝ፣ ተመልሼ ተንበረከኩ። ያ ከድር፣ ሊያርደኝ የነበረው፣ የሁለቱን እጅ ያዘና ጧ! አደረጋቸው። «አላህ በረካ ያድርገው!» «አሚን!» አሉ ልጆቹ በአንድ አፍ። ትዕግስትም በእሷው ወግ «አሜን» አለች፣ ዓይኗን በሻርፕዋ እየጠረገች።

ማታ ቤት ስንገባ ሙሐመድ ወላወለ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። «አባ፣ ያ እኮ የልጅ ጨዋታ ነው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አለኝ። «እጅ መትተሃል» አልኩት። «ለጨዋታ ነዋ!» «እጅ እጅ ነው። የኔ ልጅ እጅ መትቶ አፈረሰ ከሚባል እኔን ዛሬውኑ ከድር ይረደኝ። ደግሞ የተሸጠው በሬ እኔ ነኝ፣ ምስክር አትፈልግም» አልኩት። ሰዓዳ ከጓዳ ሳቋ ተሰማኝ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። እሱም አጠገቤ ቁጭ አለና «አባ፣ ድምጿን ሰሙት?» አለኝ። «ያንን ሁሉ ዘመን ፊደል ስጠይቃት ኖሬ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር።» እኔም አላውቅም ነበር።

ጠዋት ምን አደረገ መሰላችሁ? ከሱቁ አንድ ጋሪ አሸዋ አስጭኖ መጥቶ ግቢው መሀል ገለበጠው! የጎረቤት ልጆች ጭቃቸውን ይዘው ዝናብ እንዳየ ጉንዳን ወጡ። አሁን የኔ በር ጨፋ ሮቢት ገበያ ሆኗል፣ ለሶላት ስወጣ በጭቃ ከብት መሀል እየዘለልኩ ነው። ሐያትማ አፏ ተከፍቶ የሚዘጋው ጠፋ። አንድ ቀን ካርቶን ይዛ መጥታ «አባ፣ የሱቄ ስም ምኑ ነው የሚጎድለው?» ብላ ሙሐመድን ጠየቀችው፣ ራሷ ጽፋዋለች እኮ፣ ከግድግዳው ገበታ አይታ፣ ማንም ሳይጠይቃት! እሱም ከሱቅ ደክሞት ሲገባ «ኧረ ሐያት፣ ትንሽ ዝም በይ» ይላታል። እኔ ታዲያ «ተናገሪ ልጄ፣ ተናገሪ፣ ያኔ ዝም ያልሽው ይበቃል» እላታለሁ።

ምን አልሽ ሰሚራ? ድገሚው፣ ጓደኞችሽ ይስሙት።

«አባባ፣ በግማሽ ብስኩት መሸጥ ግን አላናደደዎትም ወይ? የከሚሴ ትልቁ ደላላ እኮ ነዎት!»

ሃሃሃ! አይ ሰሚራ! ብስኩቱንም ቢሆን እሷው ነች የበላችው፣ ለኔ ፍርፋሪዋን ነው የሰጠችኝ፣ በሬ ብስኩት አይበላም ብላ። ግን ስሚ ልጄ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ከብት ሳሻሽጥ ኖሬያለሁ፣ የባቲውን ሰንጋ፣ የጨፋውን ወይፈን፣ ስንቱን። ከዚያ ሁሉ መሀል «አይሸጥም!» ተብሎ የተጮኸለት በሬ እኔ ብቻ ነኝ።